የሚካኤል በግና የጋሽ ተክሌ ብልቃጥ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፣ ድፎ ዳቦ አስቆረሰልኝ፣ ሦስት ሰዎችም ተነስተው ንግግር አደረጉልኝ። የመጀመሪያው «በእንስሳት ሀብት ልማት ያበረከተችው የማይተካ አስተዋጽኦ» አለ። ሁለተኛው «በመስኩ ላሳየችው ትጋት» ብሎ መስኩ ምን እንደሆነ ሳይነግረን ተቀመጠ። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ እሱ እንኳ ይደፍራል ብዬ ነበር። «ወይዘሮ ሸዋዬ ያንን... ያንን ሥራ...» ካለ በኋላ ላብ ላብ አለውና ቶሎ ወደ ጭብጨባው ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሥራ በስሙ የሚጠራ ሰው ሳይገኝ ዳቦው አለቀ።

እንግዲህ እኔው ልጥራው። የአውራ በግ ዘር እቀበል ነበር። በጎማ ቱቦ እቀበላለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ፣ በወተት አቀጥነዋለሁ፣ ከዚያ ለእናት በጎች አደርሳለሁ። ሙሉ ሥራዬ ይሄው ነው። የሚታፈርበት ነገር ካለ በጎቹ ይፈሩ፤ እነሱ ደግሞ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለመሐል ሜዳ ጎረቤት ሁሉ «ልጄ የሱፍ መሥሪያ ቤት ናት» ብላ ታወራ ነበር። ውሸቷ ደግሞ ዋጋ አስከፈለን። ሰው ሁሉ «ለሸዋዬ ንገሪልን፣ ብርድ ልብስ የሚሆን አንድ ጥሩ ባና በቅናሽ ታውጣልን» እያለ ይመጣ ጀመር። እናቴም «ዘንድሮ ሱፉ አልደረሰም» ትላለች። በሚቀጥለው ዓመትም አልደረሰም። የሠፈሩ ሰው በመጨረሻ እኔን ስስታም ናት ብሎ ደመደመ፤ እናቴ ግን እውነቱ ከሚወጣ የልጇ ስም በስስት ቢጠፋ ይሻላል አለች።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ነጭ ጋወን ስለምወድ ነው። ከእርሻ ማሠልጠኛ ተመርቄ ስወጣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወዳለው የበግ ማዳቀያ ጣቢያ «ላብራቶሪ» ተብዬ ተመደብኩ። ላብራቶሪ ሲሉኝ ብርጭቆ፣ ነጭ ጋወን፣ ጸጥታ ነው የታየኝ። ጋወኑ እውነትም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ግን አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመው አሸተቱኝ።

«ምን ተቀብተሽ ነው?» አሉኝ።

«የፀጉር ቅባት ነው።»

«ሂጂና ታጠቢው። ፊታውራሪ ሽቶ አይወዱም።»

ጋሽ ተክሌ እኚህ ናቸው። ፊታውራሪ ደግሞ በግ ነበር። ጋሽ ተክሌ የጣቢያውን አውራ በጎች በሙሉ አንቱ ነበር የሚሉት። ጠዋት በረቱን ሲከፍቱ «እንደምን አደሩ?» ይላሉ፤ በጉ ካላስነጠሰ ወይ እግሩን ካልመታ ሰላምታውን ይደግሙታል። ሠራተኛው ቀልድ ይመስለው ነበር። እኔ እንኳ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የተጣደፈና የደነገጠ አውራ ዘሩ ያንሳል፤ ጋሽ ተክሌ ሰላምታውን እየረዘሙ የሚያዩት የበጉን አመል ነበር። ያን ግራጫ ካፖርት ታጥቦ አይቼው አላውቅም። በጎቹ እሳቸውን የሚያውቁት በካፖርቱ ጠረን ስለሆነ ሳሙና አይነካውም። ባለቤታቸው ቤት አላስገባ ስላሉት ካፖርቱ ጣቢያው ውስጥ የራሱ ሚስማር ነበረው።

የሥራው ወግ እንዲህ ነው። ዘሩን የምንቀበልበት የጎማ ቱቦ ሁለት ድርብ ነው፤ በድርቡ መሃል ሙቅ ውሃ ይሞላል። ሙቀቱ ካነሰ በጉ ይተወዋል፣ ከበዛ ደግሞ ለሁልጊዜው ይቀየማል። ቴርሞሜትር ነበረን፤ ጋሽ ተክሌ ግን ቴርሞሜትሩን ካዩ በኋላም ጎማውን በክንዳቸው እጥፋት ሳይለኩ አይሰጡኝም ነበር፣ የሕፃን ገላ ሊያጥቡ እንደተነሱ። ከጎማው ጫፍ ላይ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች። ብልቃጧን በብብታቸው ይዘው ነው ከበረት ወደ ላብራቶሪ የሚሻገሩት፤ የመንዝ ጠዋት ብርድ ዘር አይምርም። ብርድ የመታው ነባዘር፣ ዘሩ ውስጥ ያለው ባለ ጭራ ሕያው ፍሬ፣ ጭራው ይጠቀለላል፣ የተጠቀለለ ጭራ ደግሞ የትም አይደርስም።

መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየሁ ዕለት ሀፍረቴ ሁሉ ጠፋ። በገብስ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ ገብሱ ተኝቶ እንደሚነሳው፣ ጠብታው ውስጥ ማዕበል ይተኛል፣ ይነሳል። «ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ተክሌ ሳቁና «ከሸዋ ሕዝብ ይበልጣሉ። ግን የሚበቃው አንድ ነው» አሉ።

ደሞዛችን ትንሽ ነበር፤ አበላችን የሚደርሰው ምን ላይ እንዳወጣነው ከረሳን በኋላ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ የጋሽ ተክሌ ወሬ ነበር። ችግሩ ጋሽ ተክሌ ስለ ነባዘር ሲያወሩ የት እንዳሉ ይረሳሉ። አንድ ጊዜ ሞላሌ ለሥራ ሄደን ምሳ ቤት ተቀምጠናል። ፆም ነው፣ ቤቱ ሞልቷል።

«ሰው ሁሉ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሁለት አውራዎች በቀንድ ተጋጭተው አንዱ ሲያሸንፍ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ያሸነፈው ወጣ፣ ወረደ፣ ተንጎማለለ። ኧረ ገና መጀመሩ ነው! ያቺ በግ ሁለተኛውንም አግኝታ ከሆነ የሁለቱ ዘር ሆዷ ውስጥ ይገናኛል። እዚያ ቀንድ አይሠራም። እዚያ ብዛት ነው፣ ፍጥነት ነው፣ በሰዓቱ መድረስ ነው። እሷም ዝም ብላ የምታይ አይምሰልሽ፤ የማህፀኗ በር እንደኛ አገር ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ደካማውን እዚያው ታስቀረዋለች።»

አስተናጋጇ ሽሮውን አስቀምጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ዶሮን አላየሻትም? ያልወደደችው አውራ ከወጣባት ዘወር ብላ ዘሩን ታራግፈዋለች! ጭላዳ ዝንጀሮን ደግሞ እዪ። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ደረቱን አቅልቶ ቁጭ ይላል። ሚስቶቹን አጥሮ ስለሚጠብቅ የሌላ ወንድ ዘር ብዙም አይጋፋውም፤ ስለዚህ ታች ያለው ዕቃ እዚህ ግባ አይባልም። የኛ በግ ግን በጋራ ግጦሽ ሜዳ ላይ ነው የኖረው። አንዷን እናት ስንቱ ያገኛታል! ብዙ ዘር ያለው ብዙ ወለደ፣ ልጁም አባቱን መሰለ፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ፤ ከረጢቱ በየትውልዱ እየሰፋ መጣ።» በሁለት እጃቸው ስፋቱን አሳዩ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ቄስ አማተቡ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ሰው እየሰማን ነው» አልኳቸው።

«ይስማ እንጂ! አንዲት ሚጢጢ ዝንብ አለች፤ የወንዱ አንዲት ነባዘር ከራሱ ከዝንቡ ቁመት ስንት እጥፍ ትረዝማለች። እንደ ክር ጠቅልሎ ነው የሚያኖራት። ለምን? የሴቷ መንገድ ስለረዘመ ነዋ! መንገዱን ያረዘመችው እሷ ናት፣ ክሩን ያረዘመው እሱ ነው።»

ሒሳብ ልንከፍል ስንነሳ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ወንድሜ፣ ያቺ ዝንብ የት አገር ናት?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ራቤል ተዛወርኩ። ራቤል ላይ የነበረን አለቃ «ዘር» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። «ምርት» ነው የሚለው። «የዛሬ ምርት እንዴት ነው?» ይለኛል በጠዋት። በዓመቱ መጨረሻ የመጣው ተቆጣጣሪ ምርቱ በስንት ኩንታል እንደሚለካ ሲጠይቀው አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመና ሽንት ቤት ሄደ። እስኪመለስ ምሳ ሰዓት አለፈ።

ቀጥሎ ሞላሌ መጣሁ፤ የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት ያጋጠመኝም እዚያ ነው። ከሞላሌ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ የበግ አርቢዎች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ አቶ ጌታነህ ይባላሉ፤ ጨዋ፣ ቁምነገረኛ ገበሬ ናቸው። ሐሳቡ ከጣቢያው ምርጥ አውራ በግ የተወሰደ ዘር ወደ መንደሩ ሄዶ የማኅበሩን እናት በጎች እንዲያስረግዝ ነው። ጋሽ ተክሌ ለጡረታ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ይህን ሥራ ለዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል፤ ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ገበሬ በረት ውስጥ፣ በገዛ እጃቸው ባዘጋጁት ዘር ግልገል ሲወለድ ማየት ይፈልጉ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ብርሃኑ ፈቀዱላቸው፤ ሲፈቅዱም «ካልተሳካ የመጨረሻው ነው» አሉ።

አንድ ደንብ ነበረን። በመንደሩ ያለው ሌላ አውራ በግ ሁሉ ይኮላሻል። ገበሬው እሺ አለ፤ ሙክት ለበዓል ጥሩ ስለሚያወጣ ማንም አልተከፋም። ቤት ለቤት ዞረን ጨረስን ስንል ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ካለችው የዘበኛው በረት አንድ አጭር፣ ጠይም፣ ጆሮ የሚባል ነገር የሌለው አውራ በግ ብቅ አለ። ጆሮ በሚበቅልበት ቦታ ሁለት ጉጦች ብቻ ነበሩት። ሌላው ዕቃው ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ሲራመድ ያደናቅፈው ነበር። ደብሩን የሚያገለግሉት ቄስ ወልደ ሰንበት አጠገቤ ቆመዋል።

«አባ፣ ይሄስ በግ?» አልኳቸው።

«እሱ የሚካኤል ነው። የስለት ነው።»

«የሚካኤልም ቢሆን መኮላሸት አለበት፣ አባ። ደንቡ ነው።»

«ለስለት የተሰጠ ነውር ሊኖርበት አይገባም፣ ልጄ።»

«ጆሮ የለውም እኮ!»

«ሲፈጠር ነው። ፈጣሪ የነሳውን እኔ አልቀጥልለትም፤ ፈጣሪ የሰጠውን ደግሞ አንቺ አትነሺውም።»

ጋሽ ተክሌ በጉን ዞረው ዞረው አዩትና «እኚህ በግ አደገኛ ሰው ናቸው» አሉ በጆሮዬ። ዘበኛው አያ ደምሴ በዚያ ሳምንት በጉን ከበረቱ ላያስወጡ በሚካኤል ስም ቃል ገቡ። እኛም ባለ ረጅም ጆሮ እናት በጎችን ብቻ መረጥን። የጣቢያው አውራም ጆሮው ረጅም ነው። ከባለ ረጅም ጆሮ እናትና አባት አጭር ጆሮ አይወለድም፤ ጆሮ የለሹ አውራ ግን ከማንኛዋም ረጅም ጆሮ እናት ቢወልድ የልጁ ጆሮ አጭር ይሆናል። ስለዚህ ጆሮ ታይቶ አባት ይታወቃል።

በጎቹ በአንድ ጊዜ ለድራት፣ ወንድ ለሚፈልጉበት ሰዓት፣ እንዲደርሱ በመርፌ አዘጋጀናቸው። በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ ተክሌ ዘሩን ከጣቢያው ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ውርጭ ነበር። ብልቃጦቹ ያሉበት ሳጥን ከመጠን በላይ እንዳይቀዘቅዝ ካፖርታቸውን አውልቀው ጠቅልለውበት፣ ራሳቸው በሸሚዝ ሲንቀጠቀጡ ደረሱ። በማይክሮስኮፑ አይተው «ሕያው ነው» አሉኝ። እኔም ልይ አላልኩም፤ በእሳቸው ዓይን ላይ ዓይን መጨመር ነውር ይመስለኝ ነበር።

እናት በጎቹን አንድ በአንድ የኋላ እግራቸውን ከግንድ ላይ አንስተን በባትሪ እያበራን ዘሩን በቀጭን ቱቦ አኖርን። ገበሬው ከብቦ ያያል። ትልቅ ነገር ጠብቆ ስለነበር መጠኑን ሲያይ ፊቱ ወደቀ።

እማማ ዘነቡ የምትባል አሮጊት ባልቴት፣ ያላት እናት በግ አንዲት ብቻ ስትሆን፣ «ልጄ፣ ይቺው ናት?» አለችኝ።

«ይቺው ናት እማማ። ትበቃታለች።»

«ኧረ በሞቴ፣ ጨምሪላት! ሩቅ አገር ተኪዶ ጠብታ ይሰጣል?»

ጨርሰን ጠላ ጠጥተን ተመርቀን ሄድን። «በጎቹን ለሁለት ቀን ከቤት አታውጡ» አልን። ሁሉም «እሺ» አለ።

ከአምስት ወር በኋላ ግልገሎቹ መወለድ ጀመሩ። የመጀመሪያው አጭር ጆሮ። ሁለተኛው አጭር ጆሮ። አቶ ጌታነህ ስልክ ደወሉ፤ ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «ሸዋዬ፣ ምን አድርገናችሁ ነው?» ስደርስ በየበረቱ ያገኘሁት ጉጥ ጉጥ ጆሮ ያለው ግልገል ነው፤ ሁሉም ዘበኛው በረት ውስጥ ያለውን ጠይም አውራ ቁርጥ።

ገበሬው ጣቢያው ምርጡን ለሌላ ሰጥቶ ለእኛ ጆሮ የለሽ ላከብን አለ። አቶ ብርሃኑ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሆነው አሉ፦ ወይ ዘሩ ተቀያይሯል፣ ወይ ሞቶ ነበርና በኋላ የሚካኤል በግ አምልጦ ሥራውን ሠራ። በሁለቱም መንገድ ጥፋቱ የተክሌ ነው። አያ ደምሴ ግን በጉ ከበረት አልወጣም ብለው ማሉ፤ ገበሬውም በጎቼ ከቤት አልወጡም አለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ከስብሰባው በኋላ ጋሽ ተክሌ ከላብራቶሪ ወጥተው የመጨረሻ ወራቸውን መኖ መጋዘን እንዲጠብቁ ይወሰናል ተባለ።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ጋሽ ተክሌን መሐል ሜዳ አገኘኋቸው። በጎቹን እንደምን አደሩ አላሉም ነበር፤ ይህ በራሱ አስፈራኝ።

«መጋዘኑ ግድ አይሰጠኝም» አሉ። «ያልቀየርኩትን ቀየርክ መባሉም ያልፋል። የሚበላኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ነበር፣ ሸዋዬ። እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። የሞተውን ሕያው ነው ብዬሽ ይሆን? እድሜ ልኬን ከብርድ ስጠብቀው ኖሬ የመጨረሻውን ቀን በመንገድ ላይ ገድዬው ይሆን?»

«አልሞተም» አልኳቸው።

«አይተሻል?»

አላየሁም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስብሰባው ከደብሩ አጠገብ ባለው የዋርካ ጥላ ሥር ነበር። አቶ ብርሃኑ ወረቀታቸውን ዘርግተው ገበሬው በጎቹን ከቤት እንዳላወጣ እንዲፈርም ጠየቁ። አቶ ጌታነህ ግን ክብራቸው ተነካ።

«ፊርማ ምን ያደርጋል? እኛ የሚካኤል ልጆች ነን። አባ ያስምሉንና ይለቅ!»

ሕዝቡ ይደግፋቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም ግን መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አቶ ጌታነህ ራሳቸው ከተናገሩ በኋላ ምን እንዳሉ የገባቸው ይመስል አገጫቸውን ማከክ ጀመሩ። ሁላችንም ወደ ቄስ ወልደ ሰንበት ዞርን። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መሐላ ቀላል ነገር አይደለም» አሉ። «ቀኑም... ዛሬ ቀኑም አይመችም።»

«ምን ቀን ነው አባ?» አሉ አቶ ብርሃኑ።

«እንዲያው አይመችም።»

በዚህ መሃል እማማ ዘነቡ ከኋላ ተነሳች። ከነጠላዋ ሥር ሁለት ነገር አቅፋለች፤ የሚላወስ ነገር።

«እኔስ አልምልም» አለች። «ሰባ ዓመት ሙሉ በሚካኤል በውሸት ምዬ አላውቅም፣ አሁን ለበግ ብዬ አልጀምርም። ወስጃታለሁ! ይቺ ልጅ ጠብታዋን ሰጥታ መኪናዋን ስታስነሳ፣ አቧራዋ ሳይተኛ፣ በጌን ይዤ ዘበኛው ጋ ሄጃለሁ። ጠብታ ምን ትሆናታለች ብዬ! የሚካኤልም በረከት ነው ብዬ! በሽሽግ ነው የሄድኩት፣ በገደሉ በኩል።»

«በገደሉ በኩል?» አለ አንድ ገበሬ። «እኔ እኮ በገደሉ በኩል ነው የሄድኩት!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስታወስ ስሞክር እስካሁን ሳቅ ያፍነኛል። አንዱ በወንዙ ዞሬ ሄድኩ አለ። አንዱ በጓ ድራት ላይ ሆና ባል ሳታይ መቅረቷ አሳዘነኝ አለ። አንዱ ሚስቴ ናት የወሰደችው ሲል ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል «አሳሳች! አንተ አይደለህ ገመዱን የሰጠኸኝ?» ብላ ጮኸች። እያንዳንዱ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ወራቱን በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ኖሯል፤ የሌላውን አጭር ጆሮ ግልገል ሲያይ ደግሞ በውነት በጣቢያው ላይ ተናዷል። አቶ ጌታነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እኔም ሁለቱን ወስጃለሁ» አሉ፤ ቀና ብለው ሊያዩን አልቻሉም።

አቶ ብርሃኑ ወደ ዘበኛው ዞሩ። «አያ ደምሴ፣ አልወጣም ብለው አልማሉም?»

«አልወጣማ!» አሉ አያ ደምሴ ተቆጥተው። «በጉ ከበረቱ ንቅንቅ አላለም። የመጡት እነሱ ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁሉም አትናገርብኝ አለኝ፣ ለሁሉም ቃል ገባሁ። ቃል ደግሞ ቃል ነው።»

«አባ፣ እርስዎስ ይህን ያውቁ ነበር?»

ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የኔዋ በግ ታማ ስለነበር ለበረከት ብዬ ወስጃት...» አሉና አልጨረሱትም። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ቄሱም ጥቂት ተቋቁመው ሳቁ።

እኔ ሳቄን ሳልጨርስ ጋሽ ተክሌን ፈለግኋቸው። አልሳቁም። ሰው ሁሉ ስለ ገደልና ስለ ገመድ ሲጯጯህ እሳቸው እማማ ዘነቡ ፊት ተንበርክከው ነጠላዋን እያዩ ነበር።

«እናቴ፣ ያቀፉት ምንድን ነው?»

«መንታ ናቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባለፈው ሳምንት ነው የወለደቻቸው። አንደኛውን ደብቄው ነበር። ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ የዘነቡ በግ ከሁለት ባል ወለደች ብለው ያሙብኛል ብዬ።»

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። አንደኛው ግልገል ጠይም ነው፤ በጆሮ ፈንታ ጉጥ። ሁለተኛው ነጭ ነው። ሁለት ጆሮዎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የጣቢያው አውራ ጆሮዎች ናቸው። በዚያ መንደር ያልተኮላሸ ሌላ አውራ አልነበረም። ሌላ አባት ሊኖረው አይችልም።

አቶ ብርሃኑ ከላያችን ቆመው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ድምፃቸው ተለወጠ። «ስለዚህ የጣቢያው ዘር ውጤት ከዚህ ሁሉ በግ አንድ ግልገል ነው ማለት ነው?»

«አንድ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። ጆሮውን በጣታቸው ይዘው ይገለብጡታል፣ ይዘረጉታል፣ መልሰው ያጥፉታል። «ያ አውራ በትኩስ የሰጣት ዘር የትየለሌ ነው። የኛ በወተት የቀጠነ፣ መንገድ ያደከመው፣ ውርጭ የመታው ጠብታ ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል ገብቶ፣ በዚያ ጠመዝማዛ አልፎ...» እንባቸው በግልገሉ ላይ ጠብ አለ፤ አልጠረጉትም። ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ሕያው ነበር፣ ሸዋዬ» አሉኝ። «ዓይኔ አልዋሸኝም። ሕያው ነበር።»

እማማ ዘነቡ ግራ ተጋብታ አየቻቸው፤ ከዚያ ግልገሉን አንስታ ደረታቸው ላይ አስጠጋችው። «ምን ነካቸው እኚህ ሰውዬ?» አለችኝ። «ሕያው ነው እንጂ፤ ይኸው፣ ልቡን ይስሙት።»

ጋሽ ተክሌ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።